ምስክር ያለው ቤት

ሰሜን ጎንደር ደባርቅ ውስጥ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ወሬውን መጀመሪያ የሚያሰማው አጥር ለሚጋራው ጎረቤቱ ነበር። «ልለቅ ነው፤ ከወሰድኸው ላንተ ይሁን፣ ካልወሰድኸውም ማን ቢገባበት እንደምትወድ ንገረኝ» ይለዋል። ይህን የሚያዝዝ የተጻፈ ደንብ አልነበረም። ጎረቤቱን ሳያማክር የሸጠ ሰው ግን ስሙ በከተማው ይነሣበት ነበር።

ገዥ ሲገኝ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ጽሕፈቱ የሚነበብለት ሰው ውሉን ይጽፋል፤ ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ፊደል ያልቆጠረው አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። ከፊርማው በፊት ከምስክሮቹ አንዱ የቤቱን ነውር ለገዥው ይነግረው ነበር። ጣሪያው በየትኛው ጥግ እንደሚያፈስ፣ የጓሮው ጉድጓድ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የላይኛው ወሰን ክርክር ተነሥቶበት እንደሆነ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሻጩም አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማል እንጂ አይከፋም። ነገ በእድሩ፣ በሰንበቴው፣ በገበያው ከገዥው ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያልና ነውሩን መደበቅ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ራሱን ነበር።

እኔ ያደግሁት ይህን እያየሁ ነው። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን እንጀራዬም ቤት መሸጥ ነው። የምሸጣቸው አፓርታማ፣ ሎፍት፣ ታውን ሃውስ ይባላሉ፤ ብዙዎቹ ገና መሠረታቸው አልወጣም። በሽያጭ ክፍላችን መካከል በመስታወት የተሸፈነ ሞዴል አለ። ትናንሽ ዛፎች ተተክለውበታል፤ ትናንሽ መኪኖች ቆመውበታል፤ ከሕንፃዎቹ እግር ሥር ሰማያዊ ወንዝ ይፈስሳል። ገዥው ከመርካቶ ይመጣል፣ ከዋሽንግተን ይመጣል፣ ከዱባይ ይደውላል። ካሬውን፣ ቅድመ ክፍያውን፣ የርክክቡን ጊዜ ይጠይቃል። ስለ ወለሉ ንጣፍ፣ ስለ አሳንሰሩ፣ ስለ መኪና ማቆሚያው ይጠይቃል። ጎረቤቴ ማን ይሆናል ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ቢጠይቀኝም የምመልስለት የለኝም፤ ቤቱም ጎረቤቱም ገና ወረቀት ላይ ናቸው።

በዚህ ሥራ ከሁሉ ያስገረመኝ የውሃ ዳር ዋጋ ነው። አንድ ዓይነት ስፋት፣ አንድ ዓይነት አሠራር ካላቸው ሁለት ቤቶች ወንዝ የሚታይበት በብዙ ይበልጣል። በእኛ አገር ውሃ ዳር ቤት አይሠራም ነበር። ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ሳንቃ በር የሄደ ሰው መንደሩ ሁሉ ጉብታና አፋፍ ላይ እንደተቀመጠ ያያል። አባቶች ይህን የመረጡት በምክንያት ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ ውርጩም ቀድሞ የሚመታው የወንዙን ዳር ነው። የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ቆላው ዛሬማ ለሚደርስ ሰው ደግሞ ውሃ ዳር ማደር ወባ መጥራት ነበር። ክረምት ሲገባ ደራሽ ውሃ አለ። ስለዚህ ወንዝ የሚወረደው ለመቅዳት፣ ልብስ ለማጠብ፣ ከብት ለማጠጣት፣ ታቦት ለማጀብ ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ከፍታው ይመለሳል።

ያንን ዳገት እንስራ አዝለው የሚወጡት እናቶቻችንና እህቶቻችን ነበሩ። የጉብታው ደኅንነት ዋጋ በእነሱ ወገብ ይከፈል ነበር፤ ይህን ሳልጠቅስ የድሮውን ባወድስ ግፍ ይሆንብኛል። የቧንቧ ውሃ ግቢ ውስጥ የገባለት ቤት በእኔ ዓይን ከማንኛውም የወንዝ እይታ ይበልጣል።

የአባቶች ጥንቃቄ ባዶ ፍርሃት እንዳልነበረ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ታይቷል። የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከዳርቻው ያሉትን መንደሮች ጠራረገ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው። ያን ቦታ በበጋ ያየ ገዥ ስለ ክረምቱ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

አዲስ አበባም ቢሆን ወንዝ ዳር የድሃ ቦታ ነበር። ቀበና፣ ባንተይቀጡ፣ ቡልቡላ የመጸዳጃ ፍሳሹንና የፋብሪካ ዝቃጩን ተሸክመው ወደ አቃቂ ይወርዱ ነበር፤ ሌላ ቦታ ያጣ ሰው አፋፋቸው ላይ ጭቃና ቆርቆሮ አቁሞ ልጅ ያሳድጋል። የካቲት 2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚለማ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ የወዳጅነት ፓርክን የመሰለ ቦታ ታየ፤ በየወንዙም የእግረኛ መንገድና አትክልት እየበዛ መጣ። በማስታወቂያችን ላይም «ወንዝ ዳር» የሚለው ወደ ፊተኛው መስመር ወጣ። ወንዝ መጽዳቱ ደስ ያሰኘኛል፤ ወንዝ የአገር ነውና ሲቆሽሽ የኖረው ሁላችንንም ያሳፍራል። የሚከነክነኝ ሽታውን ችሎ የኖረው ሰው ነው። መዓዛው ሲመጣ እሱ እዚያ የለም። ለእሱ አቅም የሚሆን ቤትም እኔ ከምሸጣቸው መካከል የለም።

የከተማ ቤት ከእጃችን የወጣው ደረጃ በደረጃ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ሊዝ መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ብዙ ሰው ተስፋ አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ደግሞ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተሰለፈ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለ25,791 ቤቶች እጣ ወጥቶ፣ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ተሠረዘ፤ እንደገና የወጣው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበ ጎልማሳ ያን ጊዜ ጸጉሩ ሸብቷል።

ያም ሆኖ የኮንዶሚኒየሙን ንድፍ የሠሩ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር አልረሱም። ከመኖሪያው ሕንፃ አጠገብ የጋራ ቤት ሠሩ፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚስተናገድበት። አበሻ ቤት ውስጥ ብቻውን እንደማይኖር ያወቀ ሰው የሠራው ነው። አሁን በምሸጣቸው ሕንፃዎች ውስጥ ጂም አለ፣ ጣሪያው ላይ ካፌ አለ፣ የመዋኛ ገንዳም ያላቸው አሉ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከልበት ቦታ የት እንደሆነ ግን በፕላኑ ላይ አላገኘሁም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለን ያደግን ሰዎች፣ ለጎረቤት ቦታ የሌለው ቤት በዚህ ሁሉ ገንዘብ ስንገዛ ማየት ያሳዝነኛል።

ስለ እይታ ሲነሣ ደግሞ ልቤ የሚሄደው ወደ ግጭ ነው። ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረች መንደር ናት። አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ገብስ ያርሳሉ፣ በግና ፈረስ ያረባሉ። ቤታቸው ክብ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ ግድግዳው ድንጋይና እንጨት በጭቃ ነበር። በብርዱ ወራት ከብቱና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል፤ ልጆች ከእንጨት በተሠራው ቆጥ ላይ ይተኛሉ። ከመንደሯ በታች የጅንባር ወንዝ ይወርዳል፤ ገደሉ ጫፍ ሲደርስ በመቶዎች ሜትር ቁልቁል ይወረወራል። ዓለም ከሩቅ እየመጣ ያንን ፏፏቴ ያያል። የጅብራው ተክል፣ የጭላዳው ዝንጀሮ፣ ጠዋት ከገደሉ ሥር የሚወጣው ጉም ሁሉ ለግጭ ሰው የበሩ ደጃፍ ነበር። እኔ እይታ ብዬ በካሬ የምሸጠውን ሁሉ ብደምረው የዚያችን ደጃፍ አያህልም።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር፣ በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። የእርሻው መስፋፋት፣ የግጦሹ ብዛት፣ የዋልያው መመናመን እየከፋ ሲሄድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ ሰውና ከብት በፓርኩ ላይ የሚያደርሰውን ጫና መቀነስ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 418 የግጭ አባወራዎች መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ ካሳ ተከፈላቸው፣ ከከተማው ዳር የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ዋልያ ከእኛ ተራራ በቀር በየትም አገር የሌለ እንስሳ ነው። ለእሱ ቦታ መልቀቅ ተገቢ መሆኑን አምናለሁ፤ የመልቀቁን ዋጋ የከፈለው ግን ግጭ ነው። ገብስ የሚያውቅ ገበሬ ማሳ በሌለበት ከተማ ገባ። ውሃ፣ እንጨት፣ ጓሳ፣ ወተት በገንዘብ ሳይገዛ የኖረ ሰው ሁሉ ነገር በብር በሚቆጠርበት ሰፈር ተቀመጠ። የካሳ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ማሳ በየዓመቱ ያበላል። ቆርቆሮና ሚስማር፣ ባህር ዛፍና ሲሚንቶ ሲገዛ ገንዘቡ እንዴት እንደሚያልቅ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ርክክብ ላይ የአዲሱን ሰፈር ነውር ተቀምጦ የሚዘረዝርላቸው ምስክር ነበራቸው ወይ እያልሁ አስባለሁ። ቦታው ምን ያህል ካሬ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ከብታቸው የት እንደሚውል፣ ልጃቸው አግብቶ ጎጆ ሲወጣ የት እንደሚቀልስ የነገራቸው ማነው?

ቤት መሥራት ራሱ ድሮ ሌላ ነገር ነበር። በደባርቅ አንድ ሰው ቤት ሊሠራ ሲነሣ ደቦ ይጠራል። ወንዶቹ የባህር ዛፍ ቋሚ ያቆማሉ፣ ማገር ይመታሉ፤ ጎረምሶቹ ጭቃውን ከጭድ ጋር እየዘፈኑ ይረግጣሉ፤ ሴቶቹ ጠላና ዳቦ ያቀርባሉ። ጭቃው እንዲበስል ሰንብቶ ይመረጋል፤ ሲደርቅ ይለቀለቃል። በዚያ ግድግዳ ላይ የስንት ሰው መዳፍ እንዳረፈ ባለቤቱ ያውቃል፤ ስለዚህም ለእነዚያ ሰዎች በሩን መዝጋት አይችልም ነበር። ያ ቤት ፍጹም አልነበረም። ምስጥ ይበላዋል፣ በየዓመቱ ምርጊት ይፈልጋል፣ ጢሱ የእናቶችን ዓይን ያጠፋል። የብሎኬት ቤት ስንመኝ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይሁንና ከደባርቅ አለፍ ብሎ በሊማሊሞ አፋፍ ላይ ያለውን የሊማሊሞ ሎጅ ሄዶ ያየ ሰው ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር መሆኑን ያስተውላል። ከአስጎብኚነት የተነሡ የአካባቢው ልጆች ያሉበት ሥራ ነው፤ በአገሬው እጅ፣ በአገሬው አፈር ተሠራ፤ የሰሜንን ገደል ፊት ለፊት የሚያይ መስኮት ተደረገለት። የውጭ አገር እንግዳ በዶላር እየከፈለ ያድርበት ነበር። እኛ የደኸየ ሰው ምልክት ነው ብለን ያፈርንበት አፈር፣ በእውቀት ሲሠራ ክብር እንደሚያገኝ በዚያ አየሁ። ይህንኑ አሠራር ለመምህሩ፣ ለነርሷ፣ ለፓርኩ ጠባቂ የሚሆን ቤት ለመሥራት ብንጠቀምበት ከሲሚንቶው ዋጋ ብዙ ይቀንስ ነበር።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ውጊያው ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ፤ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች በየቤታቸውና በየጓሯቸው ተገደሉ። ከአዳርቃይና ከማይ ጠብሪ አቅጣጫ የሸሸው ሕዝብ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ገባ። ትምህርት ቤቶች ሞሉ፤ የደባርቅ ሰውም በሩን ከፈተ። አንድ ክፍል ያለው አንድ ክፍሉን በመጋረጃ ከፈለ። ዳባት ያለችው አክስቴ ስደውልላት «ልጄ፣ ቤት የሚጠበው ሰው ሲከፋ ነው፤ እኛ ደኅና ነን» አለችኝ። በዚያው በዳባት አካባቢ ደግሞ ዓለምዋጭ በተባለ ቦታ የኤርትራ ስደተኞች ተጠለሉ፤ አገራቸውንም፣ ከአገራቸው ወጥተው ያገኙትን መጠለያም ያጡ ሰዎች ናቸው። በእነዚያ ወራት ስለ ሎፍት ጣሪያ ከፍታ ለገዥ ሳስረዳ ድምፄ ይከብደኝ ነበር።

አሁን ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲም አላት። መምህሩ፣ ዳኛው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ተማሪው ቤት ይፈልጋል፤ ኪራይ ይወደዳል፤ ደላላው በስልክ ይሠራል። ሰላሙ ጸንቶ ጎብኚው ሲመለስ ደግሞ ገደል የሚታይበት አፋፍ ሁሉ ዋጋው እንደሚንር እኔ በሙያዬ አውቃለሁ። አዲስ አበባ በወንዝ ዳር ያደረገችውን ደባርቅ በገደል ዳር ታደርገዋለች። እይታ የሚሸጥበት ቀን ሳይመጣ መናገር ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ቤት መሸጥን አልነቅፍም። ሰው ቤት የሚገዛው የዕድሜውን ላብ አጠራቅሞ ነው፤ በሐቅ የሸጠለት ሰው ያን ላብ አክብሮለታል። እኔ በበኩሌ ገዥ ሳይፈርም ሳይቱን በነሐሴ ዝናብ እንዲያየው እለምነዋለሁ፤ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ያሳየዋልና። የግንባታ ፈቃዱንና የቦታውን ካርታ አስቀርቤ አስነብበዋለሁ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከአጠገቡ ሕንፃ ነዋሪ እንዲጠይቅ አደርጋለሁ። ርክክቡ ሊዘገይ እንደሚችል በግልጽ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ገዥ ይሄድብኛል፤ የቀረው ግን ዓውደ ዓመት ሲሆን ደውሎ እንኳን አደረሰህ ይለኛል።

ለደባርቅ ከተማ የምጠይቀው ከዚህ ይከብዳል። አፋፉ ለሪዞርትና ለቪላ ሲሸነሸን፣ ለእድር ድንኳን፣ ለልጆች መጫወቻ፣ ለእንስሳት ማለፊያ የሚሆን ቦታ አስቀድሞ ይከለል። ውሃው ከእይታው በፊት ይግባ። ከሁሉ በፊት ግን የግጭ ልጆች ይታሰቡ። ወላጆቻቸው ሲወርዱ ልጆች የነበሩት አሁን ጎጆ መውጫቸው ደርሷል፤ የተሰጣቸው ቦታ ለአንድ ቤተሰብ እንጂ ለሁለት ትውልድ አይበቃም። አስጎብኚ፣ በቅሎ ጫኚ፣ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሆነው ወላጆቻቸው በለቀቁት ተራራ ላይ ይሠራሉ፤ ማታ ሲመለሱ የሰው ቤት ተከራይተው ያድራሉ። በዚህች ከተማ ለእነሱ ደመወዝ የሚሆን፣ በማህበር ተደራጅተው የሚሠሩት ቤትና ቦታ ይገባቸዋል። ይህ ምጽዋት ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ ዕዳው ካለባቸው የደባርቅ ልጆች አንዱ እኔ ነኝ።